የደንበኛ ሬዲዮ (ቋሚ ገመድ አልባ ኢንተርኔት)

የደንበኛ ሬዲዮ በቋሚ ገመድ አልባ ኢንተርኔት አገልግሎት በተጠቃሚው ቤት፣ ሱቅ ወይም መሥሪያ ቤት ጣሪያ ላይ ተተክሎ ከአቅራቢው ማማ ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ነው። ከሞባይል ስልክ የሚለየው ቦታውን ስለማይቀይር አንቴናው አንድ ጊዜ ወደ ማማው ተነጣጥሮ መታሰሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሬዲዮውና አንቴናው በአንድነት ተዋህደው ይመረታሉ። ወደ ቤት የሚገባው አንድ የኔትወርክ ገመድ ብቻ ሲሆን ኤሌክትሪኩም ዳታውም በእሱ ያልፋሉ፤ ቤት ውስጥ ገመዱ ከተራ ዋይፋይ ራውተር ጋር ይያያዛል።

የመሣሪያው ምርጫ የአንድ ደንበኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በማማው ላይ ያለው አንቴና ጊዜውን ለብዙ ደንበኞች በየተራ ስለሚያካፍል፣ በአንድ ጣሪያ ላይ የተተከለ ደካማ ሬዲዮ የጎረቤቶቹንም ፍጥነት ይቀንሳል። እንደ ሰሜን ሸዋ ደጋውና ቆላው በአጭር ርቀት በሚገናኙበት አካባቢ ደግሞ ለአንዱ ቤት የተስማማው መሣሪያ ለሌላው ላይሆን ይችላል።

በኢትዮጵያ

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ መጀመሪያ ይደርስ የነበረው በስልክ መስመር ነው። የመዳብ ሽቦ ባልተዘረጋባቸው ቦታዎች ሁለት ገመድ አልባ መንገዶች አገልግለዋል። አንደኛው ሳተላይት (ቪሳት) ሲሆን የወረዳ አስተዳደሮችን ያገናኘው ወረዳኔት የተጠቀመበት ነው። የዚህ ዓይነቱ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ስለሚገኝ ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመጣ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ሁለተኛው ብዙ ሰው «ሲዲኤምኤ» ብሎ የሚያውቀው ገመድ አልባ ስልክ ነው። የዚህ ቴክኖሎጂ የመጀመሪያ ትውልድ ዳታ የሚያስተላልፈው ቢበዛ 153 ኪሎቢት በሰከንድ ነበር፤ ለኢሜይል ይበቃል፣ ለቪዲዮ ግን አይሆንም።

ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም ዘርፉ ለዓመታት በአንድ ድርጅት እጅ ቆይቷል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ነገር አለ። 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ በብዙ አገሮች «ፈቃድ የማይጠየቅባቸው» ሞገዶች ተብለው ይታወቃሉ፤ ይህ ግን ማንም ሰው ማማ ተክሎ ኢንተርኔት መሸጥ ይችላል ማለት አይደለም። አገልግሎት መስጠት የባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል፤ መሣሪያው ራሱም ተመርምሮ የተፈቀደ ዓይነት መሆን አለበት። ተመሳሳይ ሬዲዮዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሕንፃዎችን ወይም የአንድ ድርጅት ቅርንጫፎችን ለማገናኘትም ያገለግላሉ፤ ከዚህ በታች የተገለጸው የአመራረጥ መንገድ ለዚያም ይሠራል።

የእይታ መስመር

በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ሬዲዮ ከሁሉ በፊት ማማውን «ማየት» አለበት። ማየት ሲባል ግን ዓይን የሚያየው ቀጭን መስመር ብቻ አይደለም። ሞገዱ በመስመሩ ዙሪያ እንደ እንቁላል ያበጠ ቦታ ይፈልጋል፤ ይህ ቦታ በፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦጉስተን ፍሬኔል ስም የፍሬኔል ዞን ይባላል። በ5.8 ጊጋኸርዝ ለ5 ኪሎ ሜትር ግንኙነት የዞኑ መካከል 8 ሜትር ያህል ራዲየስ አለው፤ ከዚህም ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 5 ሜትር ገደማ፣ ነፃ እንዲሆን ይመከራል። ማማው በዛፍ ጫፎች መካከል ስለታየ ብቻ ግንኙነቱ ጥሩ ይሆናል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በደብረ ብርሃን ዙሪያ የመጀመሪያው መሰናክል ተራራ ሳይሆን ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በፍጥነት ያድጋል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ዛሬ የተከፈተ እይታ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊዘጋ ይችላል። በበጋ ተተክሎ በደንብ ሲሠራ የቆየ ሬዲዮም በሐምሌ ሊዳከም ይችላል፤ ውሃ የያዘ ቅጠል ከደረቅ ቅጠል ይልቅ ሞገድን ይውጣልና። መድኃኒቱ የበለጠ ኃይል ያለው ሬዲዮ መግዛት ሳይሆን ምሰሶውን ማርዘም ወይም ሌላ ማማ መፈለግ ነው።

ደብረ ብርሃን እና አንኮበር

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አምባ ላይ የተዘረጋች ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መሬቱ በአብዛኛው ሜዳማ ስለሆነ ከአንድ ረጅም ማማ ብዙ ጣሪያዎችን ማየት ይቻላል። ከማማው ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ላሉ ቤቶች ትንሿ፣ 16 ዴሲቤል የምታጎላው ጠፍጣፋ አንቴና ብዙ ጊዜ ትበቃለች።

አንኮበር ግን የተለየ ነገር ነው። የቀድሞዋ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የምትገኘው ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ገደል ጠርዝ ላይ ነው። በመንገድ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም በቀጥታ መስመር ርቀቱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ለእንዲህ ያለ ርቀት የሚበቁ ሬዲዮዎች አሉ፤ ችግሩ ከተማዋ ከአምባው ዝቅ ብላ መቀመጧ ነው። በመካከል ያለው ከፍተኛ ደጋ ስለሚጋርድ ሞገዱ በጠርዙ ላይ ባለ መቀባበያ ማማ በኩል ማለፍ ይኖርበታል። ወደ ምሥራቅ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከአንኮበር ኮረብታ ቆላው ወለል ብሎ ይታያል። ነገሥታቱ መንገዱንና ገበያውን ለመቆጣጠር የመረጡት ቦታ ለሬዲዮም የተመቸ ነው።

ሆኖም ከከፍታ ወደ ታች ማብራት የራሱ ወጥመድ አለው። የማማ አንቴናዎች ወደ ጎን ሰፊ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ጠባብ የሆነ ጨረር አላቸው። ለምሳሌ ደንበኛው ከማማው በ900 ሜትር ዝቅ ብሎ 8 ኪሎ ሜትር ቢርቅ መስመሩ 6 ዲግሪ ከግማሽ ያህል ያዘቀዝቃል። አንቴናው ወደ ታች ካልዘነበለ ጨረሩ በደንበኛው ጣሪያ ላይ አልፎ ይሄዳል። ከገደሉ ሥር ያለው ቤት ለማማው ቅርብ ሆኖ ሳለ ሲግናል የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ እዚያ ላለ ደንበኛ ሬዲዮ መቀየር ምንም አይፈይድም።

አንቴናና የአየር ጊዜ

በ5.8 ጊጋኸርዝ አንድ ሲግናል 5 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 122 ዴሲቤል ያህል ይዳከማል፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር 6 ዴሲቤል ይጨመርበታል። ማማው በ36 ዲቢኤም (ከ4 ዋት ጋር የሚመጣጠን) ቢልክ፣ 16 ዴሲቤል የሚያጎላ አንቴና ያለው ደንበኛ ነጠላ 70 ገደማ ማለትም -70 ዲቢኤም ይቀበላል፤ 23 ዴሲቤል የሚያጎላ ሳህን ያለው ደግሞ -63 ዲቢኤም። የ7 ዴሲቤል ልዩነት በኃይል ሲተመን አምስት እጥፍ ነው።

ልዩነቱ ለጎረቤት የሚተርፈው እንዲህ ነው። ጠንካራ ሲግናል ያለው ሬዲዮ 256 ቅርጾች ባሉት የሞዱሌሽን ዓይነት (256 ኳም) በአንድ ምልክት 8 ቢት ሲልክ፣ ደካማው 2 ቢት ብቻ ይልካል። ለስህተት ማረሚያ የሚውለው ድርሻ ሲታሰብ ልዩነቱ ወደ ሰባት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ደካማው ደንበኛ ያንኑ ፋይል ለማውረድ ሰባት እጥፍ የአየር ጊዜ ይወስዳል፤ ያ ጊዜ የሚቀነሰው ከሌሎቹ ነው። በርካሽ ሬዲዮ የተቆጠበውን ገንዘብ የሚከፍሉት በማማው ሥር ያሉት ሁሉ ናቸው። ሳህኑ ሌላም ጥቅም አለው። ጨረሩ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ብቻ ስለሚሰፋ ከጎን የሚመጣውን የሌሎች ዋይፋይ ጫጫታ አይሰማም። በአንጻሩ ነፋስ ምሰሶውን ቢያወዛውዘው ቶሎ ከዒላማው ይወጣል።

ከማማው ጋር መግባባት

ዩቢኪቲ፣ የላትቪያው ሚክሮቲክ እና እ.ኤ.አ. በ2011 ከሞቶሮላ የወጣው ካምቢየም በዚህ ገበያ የታወቁ አምራቾች ናቸው። ተራ ዋይፋይ የሚሠራው እያንዳንዱ መሣሪያ ሌላው ዝም ማለቱን አዳምጦ በመናገር ነው። ጣሪያ ላይ ያሉ ሬዲዮዎች ግን ሁሉም ወደ ማማው ስለዞሩ እርስ በርስ አይሰማሙም፤ እኩል ተናግረው ይጋጫሉ። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ አምራች ማማው ለደንበኞች ተራ የሚሰጥበትን የራሱን ስልት ሠርቷል፤ የዩቢኪቲው ኤርማክስ፣ የሚክሮቲኩ ኤንቪ2 ይባላል። አንዱ የሌላውን አይረዳም። በመሆኑም አቅራቢው ማማ ላይ የሰቀለው መሣሪያ የደንበኛውን ምርጫ አስቀድሞ ይወስናል፤ አምራች መቀየር ማለትም በየጣሪያው መውጣት ማለት ነው።

በ4ጂ የሚሠሩ ሳጥኖች ከዚህ ነፃ ናቸው፤ ስታንዳርዱ አንድ ስለሆነ ሳጥኑ ኔትወርኩ የሚጠቀምባቸውን ባንዶች መደገፉን ማረጋገጥ ይበቃል። ነገር ግን የቆርቆሮ ጣሪያና ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ባለው የደጋ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሳጥን ብዙ ሲግናል ያጣል፤ ከቤት ውጭ የሚሰቀለው ዓይነት ይመረጣል።

መብራትና የአየር ጠባይ

አንኮበርን በተደጋጋሚ የሚሸፍነው ጉም ለ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ መሰናክል አይደለም፤ የሚያስቸግረው አንቴናውን በዓይኑ ለሚያነጣጥረው ቴክኒሻን ነው። ዝናብም በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ እምብዛም አይጎዳውም። በ60 ጊጋኸርዝ የሚሠሩት አዳዲስ ፈጣን ሬዲዮዎች ግን በከባድ ዝናብ ክፉኛ ስለሚዳከሙ በከተማ ውስጥ ለአጭር ርቀት ብቻ ይመረጣሉ። መብረቅ ዋነኛው ጠላት ነው። ከጣሪያ በላይ የወጣ የብረት ምሰሶ የመሬት ሽቦ (ኤርዝ) ያስፈልገዋል። በደጋው ጠንካራ ፀሐይ የቤት ውስጥ ገመድ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ለውጭ የተሠራ ገመድ መጠቀም ግድ ነው፤ ርዝመቱም ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም።

መብራት ሲጠፋ ማማው በባትሪ ቢሠራም የደንበኛው ሬዲዮ ከጠፋ ትርጉም የለውም። 8 ዋት የሚወስድ ሬዲዮና 6 ዋት የሚወስድ ራውተር በ12 ቮልት 20 አምፒር ሰዓት ባትሪ፣ ግማሹ ብቻ ጥቅም ላይ እንዲውል ቢታሰብ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ይቆያሉ። ኃይል ሰጪው አዳፕተርም በጥንቃቄ ይመረጣል። አንዳንዱ ሬዲዮ 24 ቮልት፣ ሌላው 48 ቮልት ይፈልጋል፤ «ፓሲቭ» የሚባለው ዓይነት ሳይጠይቅ ስለሚልክ በስህተት ከተለዋወጠ ሬዲዮውን ሊያቃጥል ይችላል። ዕቃው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ በጥቂት ሞዴሎች መወሰንና መለዋወጫ አዳፕተር ማስቀመጥ የተለመደ ጥንቃቄ ነው።

ተከላው የሚጠናቀቀው የተለካውን ሲግናል ከተሰላው ጋር በማነጻጸር ነው። የሁለትና ሦስት ዴሲቤል ልዩነት ያለ ነው። ልዩነቱ 15 ወይም 20 ከሆነ ግን ወይ እይታው ተጋርዷል፣ ወይ ሳህኑ ማማውን የያዘው በዋናው ጨረሩ ሳይሆን በጎን በሚወጣው ደካማ ጨረር ነው። እንዲህ ሲሆን አንቴናውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ እያሉ በሰፊው በማዞር ከፍተኛው ነጥብ እንደገና ይፈለጋል።