ዱቡሻና ሕገ መንግሥቱ፤ የሽማግሌዎች ዳኝነትና የግለሰብ ነፃነት በጋሞ

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢው በጋሞ ተወላጆችና በሌሎች ላይ ጥቃት መድረሱ ሲሰማ፣ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል በአርባ ምንጭ አደባባይ ወጥተው ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ሳሩን ተሻግረው አላለፉም። ለመሆኑ ያን ቀን ያስከበረው የትኛው ሕግ ነው?

ሕግ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በነጋሪት ጋዜጣ የታተመውን ነው። ጋሞ ግን «ወጋ» የሚለው ያልተጻፈ ሕግ አለው። ጉዳዩ የሚታየው ዱቡሻ በተባለው የሕዝብ መሰብሰቢያ ሜዳ ሲሆን፣ ውይይቱ የሚቋጨው በስምምነት ነው። «ጎሜ»፣ ማለትም ነውር የፈጸመ ሰው ጥፋቱን ካላመነና ካልታረቀ፣ መዘዙ ለቤተሰቡና ለአገሩ እንደሚተርፍ ይታመናል።

መንግሥት ለዚህ ዓይነቱ ዳኝነት የነበረው አቋም አንድ ዓይነት አልነበረም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347፣ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩትን የልማድ ደንቦች ሽሯል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በበኩሉ በአንቀጽ 34(5) በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎች ከፈቀዱ በባህላዊ ሕግ መዳኘትን አልከለከለም። በአንቀጽ 9(1) ግን ከሕገ መንግሥቱ የሚቃረን ልማድ ተፈጻሚነት እንደሌለው ደንግጓል።

ችግሩ «ፈቃድ» የሚለው ቃል ላይ ነው። የባህሉ ዋነኛ ቅጣት ማግለል ነው። ለቀብሩ ጎረቤት እንዳይቀርበት የሚሰጋ ሰው የሽማግሌዎችን ውሳኔ ቢቀበል፣ በፈቃዱ ተቀበለ ማለት ይቻላል? ከዚህም ሌላ በቀድሞው ሥርዓት በዱቡሻው ሙሉ ድምፅ የነበራቸው «ማላ» የሚባሉት ወንዶች ነበሩ። ሸክላ ሠሪዎቹ «ማና»፣ ቆዳ ፋቂዎቹ «ደጋላ»፣ እንዲሁም ሴቶች ይህ እኩል ቦታ አልነበራቸውም። ለእነርሱ አንቀጽ 25 ስለ እኩልነት የሚለው ተራ የወረቀት ጽሑፍ አይደለም።

በእኔ እምነት ሁለቱን ሕጎች ማጋጨት አያስፈልግም። ዱቡሻው ሰው ያስታርቅ፤ ነገር ግን ውሳኔው ያልተዋጠለት ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ በሩ ክፍት ይሁንለት፤ በመሄዱም አይገለል። አንቀጽ 37 ይህን መብት ሰጥቶታል። አርባ ምንጭን ከበቀል ያዳነው ሽምግልና ክብሩ የሚጸናው፣ ትንሹም ሰው ሳይፈራ «አይሆንም» ማለት ሲችል ነው።