ማረሻውን ወደን ሠሪውን ፈርተን

ደጀን ገበያ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ፣ የአባይን በረሃ ወርዳችሁ ስትወጡ የምትቀበላችሁ የጎጃም በር ናት። አገሩ የጤፍ አገር ነው። ጤፍ ደግሞ ያለ ማረሻ አይዘራም፣ ያለ ማጭድ አይታጨድም፣ ያለ ምጣድ እንጀራ አይሆንም። እነዚህን የሚሠሩልንን ሰዎች ግን ምን እያልን አደግን? ጠይብ! ቡዳ!

አብዛኞቻችን ሸክላ ሻጭ አጠገብ ስናልፍ እናቶቻችን ፊታችንን በነጠላ ሸፍነውናል። ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባል እየሰማን ተኝተናል።

ነገሩ ሥር አለው። በርስት ዘመን መሬት በዘር የሚወረስ ነበር። ርስት የሌለው ደግሞ በእጁ ሥራ ያድራል። እኛ እንደሚመስለን "ቡዳ ነው" የሚለው ወሬ ይህን አጥር አጠበቀው፤ ከቡዳ ጋር ማን ይጋባል? ሳይጋቡ ደግሞ ርስት የለም። ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ ብቻ እየተላለፈ ታጥሮ ቀረ። ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ብረት ሲሠራበት በኖረ አገር፣ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሲፈልጉ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን ሰብስበው ነው ሴባስቶፖልን ያሠሩት። ሰበቡ ይህ እምነት ብቻ ነው አንልም። ግን የተናቀ ሙያ እንዴት ይደግ?

አፄ ምኒልክ ይህ ገብቷቸው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ እሳቸውን እንደመስደብ እንደሚቆጠር ነገሩ፤ ሲሳደብ የተገኘም እንደሚቀጣ አስጠነቀቁ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የመሬት አዋጁ ርስትን ሻረ። አዋጅ ግን ስድብን ይከለክል ይሆናል እንጂ ፍርሃትን ከልብ አያወጣም።

ፍርሃቱ ደግሞ የሚጎዳው ጠይብ የተባለውን ብቻ አይደለም። ልጅ ታሞ መቀባጠር ሲጀምር "ቡዳ በላው" ይባልና ጭስ ይጨስበታል፤ "ማነህ? ለፍልፍ!" ይባላል። ልጁ የአንድ ጎረቤት ስም ከጠራ አለቀ፣ ያ ቤተሰብ ለዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ወደ አባይ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ግን ወባ ሊይዘው ይችላል፤ ኃይለኛ የወባ ትኩሳትም ያስቀባጥራል። ጭሱ ሲጨስ የሚያልፈው ሰዓት ሕይወት የሚያተርፈው ሰዓት ነው።

ወገን፣ "ይሄ የገጠር ነገር ነው" ብለን እንዳንገላገል። ከመካከላችን አንዷ ለጓደኛዋ ሰርግ ልብስ አሰፍታ ስትጠብቅ ሰርጉ ፈረሰ። ሙሽሪትና ሙሽራው ዲግሪ አላቸው፤ የሚኖሩት ከተማ ነው። አንድ ሽማግሌ የልጅቷን አያት ሙያ አጣርቶ መጣ፤ አያቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በቃ! እኛም "ለምን?" ብለን ሳንጠይቅ "እግዜር ሌላ ይስጥሽ" ብለን ተበተንን። እስከ ዛሬ ያፍረናል።

"ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው" እንላለን። እስቲ ለአንድ ቀን እንኳ ከምራችን እንበለው።

ቸር ይግጠመን!