ስንት ሰው ይደር? የአሶሳ የኪራይ ክፍሎችና የነዋሪ ቁጥር ገደብ

በአሶሳ ዙሪያ ለአንድ ሰው ማደሪያ የሚበቃው የወለል ስፋት በጽሑፍ ተወስኖ የሚሠራበት ቦታ ቢፈለግ፣ የሚገኘው ከተማው ውስጥ ሳይሆን የስደተኞች መጠለያዎች ዘንድ ነው። እንደ ሸርቆሌ፣ ባምባሲና ጾሬ ባሉ መጠለያዎች የረድኤት ሥራ የሚመራበት ስፌር የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ወለል፣ ድንገተኛው ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ይጠይቃል። በከተማው ጓሮዎች ተደርድረው የሚከራዩት ክፍሎች ግን እንዲህ ያለ መለኪያ አያውቁም።

ሕጋችን ቤት መቁጠር ያውቅበታል፤ በቤቱ ውስጥ የሚያድረውን ሰው ግን ትቶታል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብሎ ሲወስን የቆጠረው ቤቱን ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ የመጠቀሚያ ፈቃድ የጠየቀው በምድብ ሐ ላሉት፣ ማለትም ለሕዝብ መገልገያዎች፣ ለፋብሪካዎችና ከ12 ሜትር በላይ ለሚረዝሙ ሕንፃዎች ነው። የጓሮ ሰርቪስ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በምድብ ሀ ስለሆነ፣ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ማን እንደገባበት የሚጠይቅ የለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ቢሆን ትኩረቱ ሌላ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በአንድ ክፍል ስንት ደባል ይግባ የሚለውን አልያዘውም።

ጉዳዩን በሜትር እንየው። 3 በ4 የሆነ፣ ጭቃ ምርጊት ግድግዳና ቆርቆሮ ክዳን ያለው ክፍል 12 ካሬ ሜትር ነው። በስፌር መለኪያ 3 ሰው ይይዛል፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራምም ለአንድ ክፍል ከ3 ሰው በላይ ሲሆን መጨናነቅ ይለዋል። ኪራዩን ለመካፈል 5 የቀን ሠራተኞች ወይም ተማሪዎች ቢገቡበት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 2.4 ካሬ ሜትር ነው፤ ይህም ከፍራሽ ብዙም አይተርፍም። በግቢው እንዲህ ያሉ 5 ክፍሎችና አንድ መጸዳጃ ብቻ ካሉ መጸዳጃውን 25 ሰው ይጋራዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ የቦታው አየር ንብረት የራሱን ይጨምራል። በበጋ ሙቀቱ ሰውን ወደ በረንዳና ወደ ግቢ ያወጣዋል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት በሚዘንበው ዝናብ ግን ሁሉም ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ወባ የሚበረታው ደግሞ በዚሁ ዝናብና ከዝናቡ ማግስት ነው። አጎበር ለ2 ሰው 1 ታስቦ ይታደላል፤ ለ5 ሰው 3 አጎበር በ12 ካሬ ሜትር ውስጥ የት ይሰቀላል? በበጋ ቀን መጥቶ ቤቱን የሚያይ ተቆጣጣሪ የክረምቱን ሌሊት አያገኘውም።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ የነዋሪ ቁጥር ጣሪያ አስቀምጦ ትርፉን ሰው ማስወጣት ለዚህ ክልል የሚሆን መፍትሔ አይመስለኝም። በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ግጭት የጉሬ ሸንቦላንና የቶንጎን መጠለያዎች ሲያወድም ከ20 ሺህ በላይ ስደተኞች ተፈናቅለዋል፤ በመተከልና በካማሺም በተለያዩ ጊዜያት ብዙ ሕዝብ ከቀየው ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዘመድ ዘመዱ ቤት ይገባል። ቁጥር ብቻ የሚያይ ደንብ የሚቀጣው ይህን አስተናጋጅ ነው። መጨናነቅን በወንጀል የሚያየው የእንግሊዝ የቤቶች ሕግ እንኳ (እ.ኤ.አ. 1985) ይህን አስቦበታል፦ ለጊዜው የመጣ የቤተሰብ አባል ስላደረ፣ ወይም ልጅ አድጎ በነዋሪ ቁጥር ውስጥ ስለገባ ብቻ ነዋሪውን ጥፋተኛ አያደርገውም፤ ልጁ ላደገበት የሚጠይቀው ሌላ ማደሪያ ለማግኘት እንዲያመለክት ነው። የመፍትሔው ፍሬ ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው። እንግዳ የተቀበለ ተከራይ ሌላ ነው፤ አንዱን ክፍል በነፍስ ወከፍ እያስከፈለ ሰው የሚጨምር አከራይ ሌላ።

ስለዚህ ተጠያቂነቱ በሚያተርፈው ላይ ይሁን። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። በ2016ቱ አዋጅ መሠረት በሚመዘገበው የኪራይ ውል ላይ ሁለት መስመር ይጨመር፦ የክፍሉ ስፋት በካሬ ሜትርና ኪራይ ከፍለው የሚያድሩት ሰዎች ብዛት። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከ3.5 ካሬ ሜትር ካነሰ ወይም በአንድ መጸዳጃ የሚጠቀሙት ከ20 ካለፉ፣ አከራዩ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ክፍል ወይም መጸዳጃ እንዲጨምር ይገደድ፤ ተከራዩ ግን በዚህ ምክንያት አይልቀቅ። እርግጥ አከራዩ ወጪውን ኪራዩ ላይ ሊጭነው ይሞክራል። የኪራይ ጭማሪን የሚገድበው ይኸው አዋጅ ስለሆነ ሁለቱ አብረው ቢፈጸሙ መከላከያ ይኖራል፤ አንዱ ያለ ሌላው ግን ተከራዩን ይጎዳል።

ኢትዮጵያ የመጨረሻውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የአሶሳ ከተማ ነዋሪ 24 ሺህ ገደማ ነበር። ቀጣዩ ቆጠራ እስኪመጣ ድረስ በየክፍሉ ስንት ሰው እንደሚያድር ማዘጋጃ ቤቱ ሊያውቅ የሚችልበት ቅርቡ መንገድ ይኸው የውል መዝገብ ነው።