ከተወረሰ መድኃኒት ቤት የተነሳ ፍልስፍና

እ.ኤ.አ. በ1918 ቦልሼቪኮች ፔትሮግራድ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒት ቤት ወረሱ። ባለቤቱ ዚኖቪ ሮዘንባውም ለፍቶ ያፈራው ንብረት «የሕዝብ ነው» ተብሎ ከእጁ ወጣ። ልጁ አሊሳ ይህን ስታይ ገና አሥራ ሦስት ዓመት ገደማዋ ነበር። በ1926 አሜሪካ ገባች፤ አይን ራንድ የሚል የብዕር ስምም ያዘች። ወላጆቿን ዳግም አላየቻቸውም።

ቁጭቷን በልቦለድ ተወጣችው። በ1943 «ዘ ፋውንቴንሄድ»ን፣ በ1957 ደግሞ ከሺህ ገጽ በላይ ያለውን «አትላስ ሽረግድ»ን አሳተመች። ፍልስፍናዋን ኦብጀክቲቪዝም አለችው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰው እውነትን የሚያገኘው በአእምሮው ነው፤ የሚኖረውም ለራሱ ደስታ ነው። የመንግሥት ሥራ በፖሊስ፣ በሠራዊትና በፍርድ ቤት ያብቃ። ራስ ወዳድነት ለእሷ ስድብ ሳይሆን ምግባር ነው። ይህ ማለት ግን ዝርፊያን ትፈቅዳለች ማለት አይደለም፤ ሌላውን መርገጥንም ሆነ ለሌላው መረገጥን እኩል ትኮንናለች።

የፍልስፍናዋ ትልቁ ፈተና የመጣው ታዲያ ከክሬምሊን አልነበረም፤ ከገዛ ሳሎኗ ነው። በ1950ዎቹ ቅዳሜ ማታ ኒውዮርክ ቤቷ የሚሰበሰቡ ወጣቶች ራሳቸውን በቀልድ «ኮሌክቲቭ» ይሉ ነበር። ቀልዱ ግን እየዋለ እያደረ እውነት መሰለ። «በራስህ አእምሮ አስብ» የምትለው መምህርት ከእሷ የተለየ ሐሳብ የያዘን ሰው መታገስ አቃታት። በ1968 የፍልስፍናዋ ወራሽ ያደረገችውን ናትናኤል ብራንደንን በይፋ አወገዘችው። ለአንባቢዎቿ በዘረዘረችው ምክንያት ውስጥ በሁለቱ መካከል የነበረው የፍቅር ግንኙነት አልተነሳም። «አትላስ ሽረግድ» ከተበረከተላቸው ሰዎች መካከልም ስሙ በኋለኞቹ እትሞች ወጣ።

ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ አለን ግሪንስፓን ነበር። ከ1987 እስከ 2006 የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ መራ። በ2008 የገንዘብ ቀውስ ሲፈነዳ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ፣ ባንኮች ለገዛ ጥቅማቸው ሲሉ ባለአክሲዮኖቻቸውን ይጠብቃሉ ብሎ መገመቱ ስህተት እንደነበር አመነ።

ይህ ሁሉ የመድኃኒት ቤቱን ውርስ ፍትሐዊ አያደርገውም። የዚያች ልጅ ጥያቄ ዛሬም መልስ ይፈልጋል፦ የሰው ላብ በማን ፈቃድ ይወሰዳል? ነገር ግን ንብረትን የሚወርሰው ጠመንጃ የያዘ ወታደር ሲሆን፣ አእምሮን የሚወርሰው አንዳንዴ የሚወደድ መምህር ነው። ራንድን ማንበብ የሚሻ ሰው በራሷ ምክር ይጀምር፤ እሷንም ቢሆን በገዛ አእምሮው ይመዝናት።