ወገንን መከላከል በሰንጠረዥ ጨዋታ

ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች በተለይም በመኳንንት ዘንድ ለረጅም ዘመን ሲዘወተር የኖረ፣ ከቼዝ ጋር አንድ ሥር ያለው የሁለት ሰዎች የጦርነት ጨዋታ ነው። በዚህ ጨዋታ ወገንን መከላከል ማለት በባላጋራ ሊበላ የተቃረበን የራስ ጠጠር በሌላ ጠጠር ማስጠበቅ፣ መጋረድ ወይም ማሸሽ ነው። የሰንጠረዥ መከላከል ከዘመናዊ ቼዝ የሚለየው በተለይ በጨዋታው መጨረሻ ነው። ንጉሥ ማት የሚባለው (ማለትም ተጠቅቶ ማምለጫ አጥቶ የሚሸነፈው) ቢያንስ አንድ ወገኑ አብሮት ሳለ ብቻ ነው። ስለዚህ አሸናፊ ለመሆን የተቃረበው ተጫዋች የባላጋራውን የመጨረሻ ጠጠር ላለመብላት መጠንቀቅ አለበት።

ገበታውና ጠጠሮቹ

የሰንጠረዥ ገበታ 8 በ8 ሆኖ 64 ቤቶች አሉት። ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን ቤቶቹ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር ይለያሉ። እንደ ዘመናዊ ቼዝ ነጭና ጥቁር ቤቶች የሉትም። እያንዳንዱ ተጫዋች 16 ጠጠሮች አሉት፦

- ንጉሥ (1)፦ ወደ ማናቸውም አቅጣጫ አንድ ቤት ይሄዳል።
- ፈርዝ (1)፦ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል።
- ፊል (2)፦ በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል። በመካከል ያለ ጠጠር አያግደውም።
- ፈረስ (2)፦ እንደ ዘመናዊው ቼዝ ፈረስ ይዘላል።
- ደር (2)፦ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን በቀጥታ የፈለገውን ያህል ይሄዳል።
- መደቅ (8)፦ ወደ ፊት አንድ ቤት ይሄዳል፤ የሚበላው ግን በሰያፍ ነው። በመጀመሪያ ጉዞውም ቢሆን ሁለት ቤት አይሄድም።

ንጉሥ ከመካከለኛው መስመር በስተቀኝ፣ ፈርዝ በስተግራ ይቆማሉ። ሁለቱ ተጫዋቾች ፊት ለፊት ስለሚቀመጡ የአንዱ ንጉሥ ከሌላው ፈርዝ ጋር ይተያያል። በዚህ አሰላለፍ ሁለቱ ፈርዞች በአንድ ዓይነት ሰያፍ ቤቶች ላይ ስለሚሄዱ ሊገናኙና ሊበላሉ ይችላሉ። ፊሎች ግን አይገናኙም። እያንዳንዱ ፊል ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው፤ የአንዱን ፊል ቤት ሌላው ፊል አይደርስበትም። ስለዚህ አንድ ፊል ሌላውን ፊል ሊጠብቀውም ሊያጠቃውም አይችልም።

የመከላከያ መንገዶች

አንድ ጠጠር ሲጠቃ ተጫዋቹ አራት ዋና ምርጫዎች አሉት።

1. ማስጠበቅ፦ የተጠቃው ጠጠር ቢበላ የበላውን መልሶ መብላት እንዲቻል ሌላ ጠጠር ማዘጋጀት ነው። ጥበቃው የሚጠቅመው የሚበላው ጠጠር ዋጋ ከበዪው ካልበለጠ ነው። ለምሳሌ ደር በመደቅ ቢጠቃ ማስጠበቁ ብዙም አይረዳም፤ ደር ሰጥቶ መደቅ መቀበል ኪሳራ ነውና። በአንድ ቤት ላይ ብዙ ጠጠሮች ሲፋለሙ ደግሞ የአጥቂዎችንና የጠባቂዎችን ቁጥር ማወዳደር ያስፈልጋል። ሁለት አጥቂዎች ያሉበትን ጠጠር አንድ ጠባቂ ብቻውን አያድነውም።

2. መጋረድ፦ በአጥቂውና በተጠቂው መካከል ሌላ ጠጠር ማስገባት ነው። በሰንጠረዥ ይህ መንገድ የሚሠራው በደር ላይ ብቻ ነው። ምክንያቱም ከሩቅ በመስመር የሚያጠቃ ጠጠር ደር ብቻ ነው። ፊልና ፈረስ ዘለው ስለሚደርሱ አይጋረዱም፤ ፈርዝና መደቅ ደግሞ የሚያጠቁት አጠገባቸው ያለውን ስለሆነ መካከል የሚባል ቦታ የለም።

3. ማሸሽ፦ የተጠቃውን ጠጠር ወደ ሰላማዊ ቤት ማዛወር ነው። የሚሸሸው ጠጠር ራሱ የሌላ ጠባቂ ከሆነ ግን ከኋላው ያለው ወገኑ ይጋለጣል። ልምድ ያለው ተጫዋች አንድን ጠጠር ለሁለት ቦታ ጠባቂ ማድረግን የሚሸሸው ለዚህ ነው፤ አንዱን ለማዳን ሲንቀሳቀስ ሌላው ይበላል።

4. አጥቂውን መብላት፦ ከሁሉም ቀጥተኛው መንገድ ነው፤ ግን የሚበላው ጠጠር ከየት እንደሚነሣና ሲነሣ ምን እንደሚያጋልጥ ማየት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያው አሰላለፍ ላይ ያለው ጥበቃ ከዘመናዊ ቼዝ የላላ ነው። በሁለቱ ፈረሶች ፊት የቆሙት ሁለት መደቆች ጠባቂ የላቸውም። በዘመናዊ ቼዝ ተመሳሳይ ቦታ ያሉትን ጠጠሮች በሰያፍ የሚሄደው ጠጠር (የፊል ዘመናዊ ምትክ) ይጠብቃቸዋል። ፊል ግን አጠገቡ ያለውን ሰያፍ ቤት ዘሎ ስለሚያልፍ የጎረቤቱን መደቅ አይጠብቅም።

መደቆች እርስ በርስ የሚጠባበቁት በሰያፍ ሲሰለፉ ነው። ሁለት መደቆች ጎን ለጎን ቢቆሙ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም፤ አንዱ አንድ ቤት ወደ ፊት ሲቀድም ግን የኋለኛው የፊተኛው ጠባቂ ይሆናል። በሰያፍ በተያያዘ ሰልፍ ውስጥ ደካማው ቦታ የመጨረሻው መደቅ ነው። እርሱን የሚጠብቅ መደቅ ስለሌለ በፈርዝ፣ በደር ወይም በንጉሡ ራሱ መጠበቅ አለበት። ንጉሥን ከዳር ወስዶ በደር የመሸሸግ ልዩ ጉዞ በሰንጠረዥ የለም። ንጉሡን የሚያድኑት በዙሪያው የተሰለፉት ወገኖቹ ናቸው።

ወረራ

የሰንጠረዥ መክፈቻ ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድነት የፈለጉትን ያህል ጊዜ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። በዚሁ መካከል እያንዳንዱ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያስተካክላል። ወረራው የሚያበቃው ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር ሲበላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይቀጥላል።

ይህ ደንብ ለመከላከል ትልቅ ትርጉም አለው። የመጀመሪያው መብላት የሚፈጸመው ተቃዋሚው ሳይጠብቀው ሊሆን ይችላል። በዚያች ቅጽበት ጠባቂ የሌለው ጠጠር ያለው ተጫዋች ወዲያው ይጎዳል። ስለዚህ በወረራ ጊዜ ፈጥኖ ወደ ፊት መሄድ ብቻውን አይበቃም፤ በየጉዞው ወደ ፊት የተላከው ጠጠር ከኋላ ጠባቂ እንዳለው ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ብቻውን የቀረ ንጉሥ

በተመዘገቡት ደንቦች መሠረት ወገኖቹ ሁሉ ተበልተው ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት ሊሆን አይችልም። ጨዋታው ያለ አሸናፊ ያበቃል። ከንጉሡ ጋር መደቅ ያልሆነ አንድ ጠጠር ብቻ ሲቀር ደግሞ አሸናፊው ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመሄዱ በፊት ማት ማድረግ አለበት። ካልቻለ ጨዋታው አቻ ይሆናል።

በምሳሌ ለማየት፣ አንዱ ተጫዋች ንጉሥ፣ ሁለት ደርና አንድ መደቅ ቀርተውታል እንበል። ሌላው የቀረው ንጉሥና አንድ ፈረስ ነው። በዘመናዊ ቼዝ የመጀመሪያው ተጫዋች ፈረሱን በልቶ ከዚያ በቀላሉ ያሸንፋል። በሰንጠረዥ ግን ፈረሱን ከበላ ድሉን ያጣል። ስለዚህ ደሮቹን በንጉሡ ዙሪያ ሲያዘጋጅ ፈረሱን እንዳይበላ ይጠነቀቃል፤ የፈረሱንም ጉዞ ይቆጥራል። ሁለተኛው ተጫዋች በተቃራኒው ፈረሱን ሊያስበላ ይሞክራል። ለምሳሌ ፈረሱ ብርቱውን ንጉሥ ቢያጠቃና ከመብላት በቀር ሌላ ማምለጫ ቢያሳጣው፣ ብርቱው ሳይወድ ይበላዋል፤ ጨዋታውም አቻ ይሆናል።

ማት የሚደረግበት ጠጠርም ለክብሩ ለውጥ ያመጣል። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል። በፈርዝ ወይም በፊል ማድረግ የበለጠ ይከበራል፤ በመደቆች ትብብር የተገኘ ማት ደግሞ እጅግ ይመሰገናል።

በጽሑፍ የተመዘገቡ ምስክርነቶች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1816 እ.ኤ.አ. የሞቱትን የትግራይ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ከመኳንንታቸው መካከል ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አግኝቷቸዋል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ትላልቅ እንደ ነበሩ፣ ተጫዋቾቹም የባላጋራን ጠጠር በኃይል መትተው ያነሡ እንደ ነበር ጽፏል። በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ፣ አገልጋይ ሳይቀር፣ ምክር ይሰጥ፣ ጠጠሩንም አንሥቶ ጥሩውን ጉዞ ያሳይ ነበር። በዚህ ልማድ ተጫዋቹን የሚያግዙት በገበታው ላይ ያሉት ጠጠሮች ብቻ አልነበሩም። ሶልት ጨምሮ እንደ ታዘበው፣ ተጫዋቾቹ ራስ ወልደ ሥላሴ ሁልጊዜ እንዲያሸንፉ በብልሃት ያደርጉ ነበር።

የራስ ወልደ ሥላሴ መቀመጫዎች አንጣሎና ጨለቆት በእንደርታ ነበሩ። ከእንደርታ ወደ ላስታ የሚወስደው የነጋዴ መንገድ በዋግ በኩል ያልፍ ነበር፤ በዚያ መንገድ ላይ ያለችው ሰቆጣ የዋግሹሞች ከተማና የአሞሌ ጨው ገበያ ነበረች።

የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደንም ከሞቱ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ጨዋታው ጽፏል። የቼዝ ታሪክ ጸሐፊው ሃሮልድ መሪ በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ አካቷል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የጨዋታውን ታሪክና ደንብ የሚያብራራ ጥናት አውጥቷል። ምስክርነቶቹ በሁሉም አይስማሙም። ሶልት መደቅ የገበታው ጫፍ ሲደርስ ማዕረግ አያገኝም ሲል፣ በኋላ በተመዘገበ ደንብ መደቁ ፈርዝ ይሆናል።

ከሌሎች ጨዋታዎች ጋር ሲነጻጸር

ሰንጠረዥ የመካከለኛው ዘመን ሻትራንጅ ዘመድ ነው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። በሻትራንጅ ግን ወገኖቹን ሁሉ የጨረሰ ንጉሥ እንደ ተሸናፊ ይቆጠር ነበር። የሰንጠረዥ ደንብ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ከቼዝ የተወለዱ ሌሎች ጨዋታዎች መከላከልን በሌላ መንገድ አዳብረውታል። በ1780 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ዮሐን ሄልቪግ ቼዝን አስፋፍቶ የጦር ትምህርት ጨዋታ ሠራ። ከዚህ ዓይነቱ የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ ውስጥ በ1974 እ.ኤ.አ. ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ወጣ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ወገን ይሰለፋል። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንቡ ጋሻ የያዘና የመከላከል ስልት የተማረ ተዋጊ፣ በ5 ጫማ (1.5 ሜትር ገደማ) ርቀት ያለ ጓደኛው ሲጠቃ ጣልቃ መግባት ይችላል። አጥቂው በዚያ ጊዜ ባለ 20 ገጽ ዳይ ሁለት ጊዜ ጥሎ ዝቅተኛውን ቁጥር ይወስዳል። ተዋጊው ይህን ማድረግ የሚችለው በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የሁለቱ መከላከል የሚለያየው በጊዜው ነው። ጋሻ የያዘው ተዋጊ የሚከላከለው ጥቃቱ በሚሰነዘርበት ቅጽበት ሲሆን ውጤቱን ዕድል ይወስነዋል። በሰንጠረዥ ዕድል የለም፤ በባላጋራ ተራ የሚገባ ጠባቂም የለም። ጠባቂው ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት ቦታውን መያዝ አለበት።