የቺካጎ ብሉዝና ረጅሙ ሸክላ

የአንድን ከተማ ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ወደ ቤተ መዛግብት መሄዱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ስለ ተቆረቆረችው ስለ ቺካጎ ከመዝገብ ይልቅ ሸክላ አብልጦ የሚናገርበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ ስለ ቺካጎ ብሉዝና፥ ይህን ዘፈን ከጠባብ መሸታ ቤት አውጥተው ለዓለም ስላደረሱት ረጃጅም ሸክላዎች፥ በተለመደው አጠራር አልበሞች ስለሚባሉት፥ ጥቂት ለመናገር አስበናል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ብሉዝ የተወለደው በቺካጎ አይደለም። አገሩ ደቡብ ነው፤ ይልቁንም በሚሲሲፒ ውስጥ ዴልታ እየተባለ የሚጠራው ጥጥ አብቃይ ሜዳ ነው። በዚያ ሜዳ የባርነት ቀንበር በሕግ ከተሰበረ በኋላ እንኳ የጥቁሩ ገበሬ ኑሮ ከጭሰኛ ኑሮ እምብዛም አልተለየም ነበር። በሰው መሬት ላይ ጥጥ ይዘራል፥ ይኰተኵታል፥ ይለቅማል፤ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ሲተሳሰቡ ግን ዘርና ቀለብ በብድር ወስደሃል እየተባለ ባለ ዕዳ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ላይ የዘር አድልዎ ሕግና ያለ ፍርድ የሚፈጸም ስቅላት ነበረ። ስለዚህ ከ1910ዎቹ ዓመታት አንሥቶ እስከ 1970 ድረስ ስድስት ሚሊዮን የሚሆን ጥቁር ሕዝብ ደቡብን ለቅቆ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ፈለሰ። ለሚሲሲፒ ሰው መንገዱ የታወቀ ነበር፤ የኢሊኖይ ሴንትራል ባቡር በቀጥታ ቺካጎ ያደርሰዋልና። በ1905 በቺካጎ የተቋቋመው የጥቁሮች ጋዜጣ ቺካጎ ዲፌንደርም፥ በባቡር አስተናጋጆች እጅ ወደ ደቡብ እየገባ፥ ስለ ሰሜን ሥራና ደመወዝ ያወራ ነበር። በ1910 በቺካጎ የነበረው ጥቁር ሕዝብ 44 ሺህ ያህል ነበር፤ በ1940 ወደ 278 ሺህ ደረሰ፤ በ1960 ከ812 ሺህ በላይ ሆነ።

ከነዚህ መንገደኞች አንዱ መኪንሊ ሞርጋንፊልድ፥ በዘፈን ስሙ መዲ ዋተርስ ነው። በ1941 የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው አለን ሎማክስ ለአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ድምፅ ለመቅዳት ስቶቫል ወደሚባለው እርሻ በሄደ ጊዜ፥ መዲ ዋተርስ ገና በትራክተር የሚያርስ ሠራተኛ ነበር። በ1943 ቺካጎ ገባ፤ ቀን በወረቀት ፋብሪካ ይሠራል፥ ማታ በመሸታ ቤት ይጫወታል። ታዲያ ጣቱ ላይ የጠርሙስ አንገት አጥልቆ ክሩን የሚያንሸራትትበት የገጠር ጊታር፥ በመስክና በደጃፍ ላይ በቂ ቢሆንም፥ በከተማው መሸታ ቤት በሰው ጫጫታና በብርጭቆ ኳኳታ ተውጦ ቀረ። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ጊታር ያዘ። ባልደረባው ሊትል ዎልተርም አርሞኒካውን ከማይክሮፎን ጋር በመዳፉ አፍኖ ይነፋ ጀመር፤ ድምፁ ማጉያውን እያስጨነቀ ሲወጣ የአርሞኒካ ሳይሆን የትልቅ መለከት ይመስል ነበር። እኛ እንደምናምነው ቺካጎ ብሉዝን የለወጠችው በመቅረዝዋና በጌጥዋ አይደለም፤ በጫጫታዋ ነው።

ይህን ድምፅ ለገበያ ያቀረቡት ከፖላንድ የፈለሱት አይሁዳውያን ወንድማማች፥ ሊዮናርድና ፊል ቼስ ናቸው፤ ቼስ የሚለውን ስም ለኩባንያቸው የሰጡት በ1950 ነው። ይሁን እንጂ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ በአንድ ገጹ ከሦስት ደቂቃ ብዙ የማይበልጥ ዘፈን ብቻ ይይዝ ነበር። የሸክላው ዋና ደንበኛ ደግሞ ሳንቲም ሲጐርስ የሚዘፍነው ጁክቦክስ ስለ ሆነ፥ ዘፈኑ አጭር መሆኑ ለባለ ሣጥኑ ጥቅም ነበር። የአዝማሪ ቤትን ወግ የሚያውቅ አንባቢ ጕዳቱን ሳንነግረው ይረዳዋል። ዘፋኙ ታዳሚውን አይቶ ግጥም የሚጨምርበት፥ የሚያውቀውን ሰው ሲገባ በስሙ የሚጠራበት፥ ጊታሩ ሲጠይቅ አርሞኒካው የሚመልስበት ሌሊት በሦስት ደቂቃ አይጠቀለልም።

በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞረው ረጅም ሸክላ በ1948 ሲወጣ መድኃኒቱ የተገኘ ይመስላል፤ ነገር ግን ለብሉዝ ሰዎች ቶሎ አልደረሰላቸውም። የጥቁሩ ሠራተኛ ሰፈር በሳንቲም የሚሰማበት እንጂ ውድ አልበም የሚገዛበት አይደለም ተብሎ ተገምቶ ነበርና። ቼስ በ1958 ያሳተመው የመጀመሪያው የመዲ ዋተርስ አልበም ቀደም ሲል በትንንሽ ሸክላ የወጡ 12 ዘፈኖች ስብስብ ነበር። በ1960 በኒውፖርት የጃዝ በዓል ላይ የተቀዳው ግን የተለየ ነው፤ በዚህ ሸክላ ላይ ታዳሚው ሲሞቀው ይሰማል። በዚያው ዕለት በረብሻ ምክንያት በዓሉ መዘጋቱ ቢሰማ፥ ባለቅኔው ላንግስተን ሂዩዝ እዚያው የስንብት ግጥም ጻፈ፤ መዲ ዋተርስ ደክሞት ስለ ነበር ፒያኖ መቺው ኦቲስ ስፓን ዘፈነው፤ ይህም በአልበሙ መጨረሻ ገባ።

በእኛ ግምት ግን የቺካጎን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ መልኩ ሸክላ ላይ ያኖረው ሰው ሌላ ነው። ቦብ ኬስተር በቺካጎ የሸክላ መደብር የነበረውና ዴልማርክ የተባለውን አነስተኛ አሳታሚ ድርጅት የሚያስተዳድር ሰው ነበር። በከተማው ደቡብ ሰፈር፥ በኢንዲያና ጎዳና ከአንድ ቤት ሥር ባለ ምድር ቤት፥ ወይዘሮ ቴሬዛ ኒድሃም የሚያስተዳድሩት መሸታ ቤት ነበረ። በዚያ አርሞኒካ ነፊው ጁኒየር ዌልስና ጊታር መቺው በዲ ጋይ ይጫወቱ ነበር። ኬስተር ጁኒየር ዌልስን ወደ ስቱዲዮ የጠራው በሴፕቴምበር ወር 1965 ሲሆን፥ ስምምነቱ ቀላል ነበር፤ የዘፈኑን ርዝመትም ሆነ ምርጫ ዘፋኙ ይወስናል፥ ለጁክቦክስ ተብሎ የሚቈረጥ ነገር የለም። ቀረጻው በሁለት ቀን አለቀ። በመካከሉ የበዲ ጋይ ማጉያ ቢበላሽ፥ መሐንዲሱ ሥራው እንዳይቋረጥ ጊታሩን በኦርጋን ማጉያ በኩል ቀጠለው፤ ያ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ በአልበሙ እስከ ዛሬ ይሰማል። በዲ ጋይ የቼስ ውለኛ ነው ተብሎ ስለ ተፈራም፥ በመጀመሪያዎቹ እትሞች ላይ በእውነተኛ ስሙ ፈንታ «ወዳጃዊ ሰው» የሚል ትርጕም ያለው የሐሰት ስም ተጻፈለት።

ሁዱ ማን ብሉዝ የተባለው ይህ አልበም፥ ከመተተኛ ሰው ስሙን የወሰደው፥ የድምፁ ውበት ብቻ አይደለም የሚያስመሰግነው። አራት ሰዎች፥ አርሞኒካ፥ ጊታር፥ ቤዝና ከበሮ ብቻ ይዘው፥ እርስ በርሳቸው ቦታ እየተለቃቀቁ ይጫወታሉ። ጁኒየር ዌልስ በዘፈን መካከል ይናገራል፥ ምላሱን ያንኳኳል፥ ዝም ይላል። ዝምታን በሸክላ ላይ ለማኖር ድፍረት ያሻል። ይህንም አልበም የተከተለው፥ ሳሙኤል ቻርተርስ በ1966 ለቫንጋርድ ያሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ ስብስብ ነበር፤ ዘጠኝ የቺካጎ ቡድኖች ተካፍለውበታል። በምዕራቡ ሰፈር ደግሞ ማጂክ ሳም በ1967 ለዴልማርክ ዌስት ሳይድ ሶልን ቀረጸ፤ ድምፁ ከደቡቡ ሰፈር ይልቅ የለሰለሰና የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚሸት ነው። ይህ ተስፈኛ ሰው በዲሴምበር 1969 በ32 ዓመቱ ሞተ።

ረጅሙ ሸክላ ሁሉ በጎ ነገር ብቻ አመጣ ብንል ግን እንዋሻለን። ቼስ በ1964 የመዲ ዋተርስን ፎክ ሲንገር ሲያሳትም፥ የነጮቹ ተማሪዎች ፋሽን የገጠር ዘፈን ስለ ነበር፥ ኤሌክትሪኩን አስጥሎ ሃያ ዓመት የራቀውን ጊታር መልሶ አሲዞታል፤ መልካም አልበም ሆኖ መገኘቱ የዘፋኙ ችሎታ ነው። በ1968 ፋሽኑ ሲለወጥ ደግሞ ያንኑ ሰው በሮክ ጩኸት አጥለቅልቆ ኤሌክትሪክ መድን አወጣ፤ በመጀመሪያ ተሸጠ፥ መዲ ዋተርስ ግን አልወደደውም። በ1969 በሃውሊን ዎልፍ ላይም ይኸው ሲደገም፥ ዘፋኙ አልበሙን እንደማይወደው ኩባንያው ራሱ በሽፋኑ ላይ አተመ! ነጋዴ ከገዢው ጋር ሲማከር ባለ ዘፈኑን መጠየቅ ይረሳል።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነበር። ለመዲ ዋተርስና ለሃውሊን ዎልፍ ብዙ ዘፈን የደረሰው ዊሊ ዲክሰን፥ የእንግሊዙ ሌድ ዜፕሊን ግጥሜን ያለ ፈቃድ ወስዷል ሲል በ1985 ከሰሰ፤ ጕዳዩ በ1987 በስምምነት አለቀ። ዲክሰን ያቋቋመው የብሉዝ ሰዎች መርጃ ድርጅትም በኋላ ቼስ ይሠራበት የነበረውን በሚሺጋን ጎዳና ቍጥር 2120 ያለውን ቤት መቀመጫው አደረገ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አሳታሚ ያላገኘ ድምፅ ገና ነበረ። በኬስተር ዘንድ ተቀጥሮ ሸክላ ያሽግ የነበረው ብሩስ ኢግላወር፥ በእሑድ ከሰዓት በኋላ ፍሎረንስ በሚባለው መሸታ ቤት የሚጫወተውን ሃውንድ ዶግ ቴይለርን ሰማ። ሁለት ጊታርና አንድ ከበሮ ብቻ፥ ቤዝ የሌለበት፥ ርካሽ የጃፓን ጊታርና የተሰነጠቀ ድምፅ ነው። ዴልማርክ ሳያሳትመው ስለ ቀረ፥ ኢግላወር በውርስ ባገኘው 2,500 ዶላር በ1971 በሁለት ሌሊት አስቀርጾ 1,000 ቅጂ አሳተመ፤ አሊጌተር የተባለው ድርጅት የተጀመረው እንዲህ ነው። ሸክላውንም ራሱ በመኪና ጭኖ ለየሬዲዮ ጣቢያው አደለ።

የነዚህ ሁሉ ሙዚቀኞች መንገድ የሚገናኝበት ደግሞ የማክስዌል ጎዳና የእሑድ ገበያ ነበር። ከደቡብ አዲስ የመጣ ሰው ጊታሩንና ማጉያውን አውርዶ፥ በአካባቢው ለሚኖር ሰው ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ፥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከመስኮት ወደ መንገድ ይስብና ይጫወታል። በ1964 ሮበርት ናይትሃውክ በዚያ ሲጫወት ለፊልም ተቀድቶ ነበር፤ ከሞተበት ከ1967 ዓመታት በኋላ ድምፁ በአልበም ወጣ። ገበያው በ1994 ከቦታው ተነሣ፥ ቤቶቹም ለዩኒቨርሲቲ ማስፋፊያ ፈረሱ። በሸክላው ላይ ግን ናይትሃውክ ክሩን ሲያንሸራትት፥ ከበስተኋላው የገበያተኛው ጩኸትና ሣቅ አብሮ ይሰማል።