አራስ ቤትና የሕፃን ሚዛን፦ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሕክምና ታሪክ

ከደሴ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች የሚያዘነብለው ደጋ ቦረናን፣ አማራ ሣይንትን፣ ወግዲን፣ ከላላንና ለጋምቦን የመሳሰሉ ወረዳዎችን ያቅፋል። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም የምትገኘውም በዚሁ አገር ነው። ሐኪምና ሆስፒታል በአካባቢው ከመታወቃቸው አስቀድሞ የወላድንና የጨቅላ ሕፃንን ደኅንነት የሚጠብቅ አንድ ሥርዓት ነበር፤ እርሱም አራስ ቤት ነው። የአራስ ቤትን ታሪክ ከዘመናዊው የሕፃናት ሕክምና ታሪክ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ መመልከት፣ የሕፃንን ዕድገት ከእናቱ ደኅንነት ነጥሎ ማየት ምን እንደሚያጎድል ያስተምራል።

በልማዱ መሠረት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ብዙውን ጊዜ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ከወለደች በኋላ ጎረቤት ቅቤና እህል ይዞ ይመጣል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ አብሽና ተልባ ይዘጋጅላታል። በክርስቲያኑ ቤት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ፣ በሙስሊሙም ቤት ከ7ኛው ቀን አቂቃ ጀምሮ፣ አራሷ ከከባድ ሥራ ታርፋለች። ወሎ የሁለቱ ሃይማኖቶች ተከታዮች በጉርብትና የሚኖሩበት አገር በመሆኑ አራስ ጥየቃው የሃይማኖት ወሰን አልነበረውም። የሰላምታው ቃል ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚባለው ለሕፃኑ ሳይሆን ለእናቲቱ ነው። ከሞት አፋፍ የተመለሰችው እርሷ ናትና አስቀድማ የምትጠየቀውም እርሷ ነበረች።

ይህ ሥርዓት ግን እንከን አልነበረበትም። እንገሩ ቆሻሻ ነው ተብሎ ይታለብና ይደፋ ነበር፤ ለጨቅላው ቅቤ ይላስለት፣ እንጥሉ ይቆረጥ፣ ድዱ እየተበጣ ግግ ይወጣ ነበር። በልጅነቷ የተዳረችው እናት ገና ሰውነቷ ሳይጠና ትወልዳለች። የአራስነቱ ወራት ሲያበቃም ውኃው፣ እንጨቱና ወፍጮው ይጠብቃታል፤ ሕፃኑን በአንቀልባ አዝላ ወደዚያው ትመለሳለች። ዕረፍቱ እውነተኛ ነበር፤ ዳሩ ግን አጭር ነበር።

ዘመናዊው የሕፃናት ጤና አጠባበቅ በሌላ በር ገባ። በ1954 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቋመ፤ ይኸው ክፍል በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ከስንዴ፣ ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተርና ከወተት ዱቄት የተዘጋጀው «ፋፋ» የዚህ ጥረት ፍሬ ነበር። በጤና ጣቢያዎችም ሚዛን፣ የቁመት መለኪያና የዕድገት መከታተያ ሠንጠረዥ እየተለመዱ ሄዱ። የዚህ ሥራ ጥቅም ታላቅ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን በሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው ሕፃኑ ብቻ ነበር።

ይህ ጉድለት ጎልቶ የታየው በረኃብ ዘመን ነው። የ1966ቱ ረኃብ ወሎን ክፉኛ ጎዳ፤ የ1977ቱ ደግሞ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። አራስ ቤት ጎረቤት ጎተራ ውስጥ እህል፣ ቅል ውስጥ ቅቤ ሲኖረው የሚቆም ሥርዓት በመሆኑ ጎተራው ሲራቆት አብሮ ፈረሰ። የፈረንሳዩ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በኮረምና በዚሁ ደጋ በምትገኘው ከላላ ይሠራ ነበር። ቡድኑ የግዳጅ ሠፈራን በአደባባይ በመቃወሙ በኅዳር 1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። በዚያ የሠፈራ ዘመቻ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲጓጓዝ ከግማሽ የሚበልጠው ከወሎ ነበር፤ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ የተለያዩበት ቤተሰብ ጥቂት አልነበረም። የተራበ ሕፃን ክብደቱ ሊመለስ ይችላል፤ ከእናቱ የተለየ ግን በየትኛው መለኪያ ይለካል?

የተረፉት ሕፃናት ዕጣ ኋላ ተጠንቷል። ስቴፋን ዴርኮንና ካትሪን ፖርተር በኢትዮጵያ የገጠር መንደሮች ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ረኃቡ በበረታበት ወቅት ከ12 እስከ 36 ወር ዕድሜ የነበራቸው ልጆች ለአካለ መጠን ሲደርሱ ከታላላቆቻቸው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥረው ተገኝተዋል። ይህ ዕድሜ ሕፃኑ ከጡት ወደ ምግብ የሚሸጋገርበት፣ እግርና አንደበቱ የሚፈታበት ዘመን ነው። የአራስ ቤት ጥበቃ ያበቃበት፣ የትምህርት ቤት ጥበቃ ያልደረሰበት ዕድሜ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

ምግብ ብቻውን እንደማይበቃ በዓለም ሕክምና የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። ሳሊ ግራንትሃም ማግሬገርና ባልደረቦቿ በጃማይካ ኪንግስተን 129 የቀነጨሩ ሕፃናትን ለ2 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጥናት፣ ተጨማሪ ምግብም ሆነ በየሳምንቱ ከቤት ለቤት ጎብኚ ጋር የሚደረግ ጨዋታ እያንዳንዳቸው አእምሮን እንደሚያጎለብቱ፣ ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ውጤቱ እንደሚልቅ አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው የከባድ ምግብ እጥረት ሕክምና መመሪያ ጨዋታንና ፍቅራዊ እንክብካቤን የሕክምናው አካል አደረገ። የቦረና አያት በማታ እሳት ዳር በእሹሩሩ፣ በተረትና በእንቆቅልሽ ስትሠራው የኖረችው በሳይንስ ቋንቋ ስም ተሰጠው ማለት ይቻላል።

በአገራችን ደግሞ የቡታጅራው ጥናት አንድ ብርቱ ነገር ገለጠ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች የእናት የመንፈስ ጭንቀትና ድባቴ ከተራዘመ ምጥ፣ ጡት ማጥባትን ዘግይቶ ከመጀመርና ከሕፃኑ ተቅማጥ ጋር ተያይዞ አገኙት። ከሕፃኑ የክብደትና የቁመት ጉድለት ጋር ግን ግንኙነት አላገኙለትም። እንግዲህ የእናት ጭንቀት በሚዛን አይታይም፤ ካልተጠየቀ አይታወቅም።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን በመመደብ ጤናን ወደ ደጃፍ አቀረበ። በ1992 ዓ.ም. በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ከመቶ 48 ደርሰዋል። ለዚህ ከረዱት ነገሮች መካከል በአማራ ክልል ጭምር በጤና ጣቢያዎች ገንፎ መገንፋትና ቡና ማፍላት መጀመሩ ይገኝበታል፤ አራስ ቤት ወደ ጤና ጣቢያ ገባ ማለት ነው። ይሁንና በ2008 ዓ.ም. በክልሉ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 46ቱ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 41ዱ የቀነጨሩ ነበሩ። በዚያው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ 120 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ሰጥቷል፤ የደጋው ገበሬና ሚስቱ ግን ፈቃድ የሚጠይቁት ከማንም ስላልሆነ ዕረፍታቸው ዛሬም በጎረቤትና በአባትየው ፈቃደኝነት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ደቡብ ወሎ ደርሷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል። ጎተራ ብቻ ሳይሆን መንገድና ጉርብትናም ሲናጋ አራስ ቤት እንደገና ይፈተናል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ሊያቆም አይችልም። ከአባቶችና ከእናቶች ሥርዓት እንገር መድፋቱንና እንጥል መቁረጡን አስቀርቶ፣ እናትን አስቀድሞ የመጠየቁን ልማድ ግን ሊወስድ ይችላል። ይህም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሕፃኑ ከሚዛኑ ሲወርድ ካርዱ ከመዘጋቱ በፊት «አንቺስ እንዴት ነሽ? በቤት የሚያግዝሽ አለ?» ማለት ነው።